አዋሽ ወንዝ ዳር ወፍ ለማየት በየት በኩል ነው የሚወረደው?

ሶስና_ቀበና

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ወፍ ማየት የጀመርኩት በረንዳችን ላይ ነው። ከዚያ እንጦጦ፣ ከዚያ የቢሾፍቱ ሐይቆች ሆነ። አሁን ደግሞ ወንዝ አምሮኛል። አዋሽ ለአዲስ አበባ ሰው ቅርብ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ የበቾን ሜዳ ያቋርጣል፤ በመልካ ቁንጥሬ፣ በቆቃ፣ በወንጂ፣ በሶደሬና በመተሐራ አድርጎ አፋር ይወርዳል። ካርታ ላይ ቀላል ነው። መሬት ላይ ግን ወንዙ ዳር መድረስ አቃተን። አንዱ ጋ የሰው ማሳ ነው፣ አንዱ ጋ የሽቦ አጥር፣ አንዱ ጋ ደግሞ ገደል።

እኔና ጓደኛዬ ሁለታችንም ሴቶች ነን። መኪና የለንም፤ አልፎ አልፎ የወንድሜን እንዋሳለን። ባይኖኩላር አለን፣ ትንሽዬ ካሜራም አለችን። ለደርሶ መልስ የሚሆን፣ ተረጋግተን ተቀምጠን ወንዙን የምናይበት፣ ማንንም የማናስቀይምበት ቦታ የምታውቁ ጠቁሙን። "አዋሽ ፓርክ ሂጂ" ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉኝ። ፓርኩም ውስጥ ቢሆን የቱ ጋ እንደሚቆም ነው ማወቅ የምፈልገው።

የአዳማ_ልጅ

ከቆቃ ጀምሪ። ከሞጆ ወደ መቂ የሚወስደው አሮጌው መንገድ አዋሽን የሚሻገረው ወንዙ ሐይቁ ጋ ሊደርስ ሲል ነው። በአዲሱ የፍጥነት መንገድ ከሄድሽ ግን አለቀ፤ እዚያ ላይ መቆም ክልክል ነው። ስለዚህ ሞጆ ወርደሽ በአሮጌው መንገድ የሚሄድ ሚኒባስ ያዢ። ለረዳቱ "ቆቃ ድልድይ ወራጅ" በይው፣ ያውቀዋል።

ብርሃኑን ልብ በይ። ሐይቁ ያለው ከመንገዱ በስተ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ወደ ሐይቁ ካየሽ ፀሐይዋ ዓይንሽ ላይ ናት፤ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ነው የሚሆንብሽ። ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ወንዙ ወደሚመጣበት በኩል እዪ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ዙሪ። ስንቱ ሰው ይህንን ሳያውቅ "ቆቃ ምንም የለም" ብሎ ተመልሷል መሰለሽ።

ፔሊካን አለ፣ ሽመላ አለ፣ አባ ኮዳ ሞልቷል፣ ክሬን የምትባለዋ ባለ ዘውድ ረጅም እግር ወፍም አትጠፋም። ዕድለኛ ከሆንሽ ጉማሬ ከውሃው ጆሮውን ብቅ ያደርግልሻል። እንቦጩ ዓሣ አጥማጁን አስለቅሷል፣ ግን ጃካና የምትባለዋን ወፍ የማየው እሱ ላይ ነው። ጣቶቿ ለሰውነቷ የማይመጣጠኑ ረጃጅም ናቸው። ስትረግጠው ቅጠሉ ትንሽ ይሰምጣል፤ እስኪሰምጥ ግን እሷ ሌላው ላይ ደርሳለች።

ሲርባችሁ ቆቃ ከተማ ገብታችሁ ዓሣ ጥብስ ብሉ።

ሹፌር_ነኝ

የአዳማ ልጅ ልክ ብሏል፤ አንድ ነገር ልጨምር። ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ካሜራ አታውጡ። ከድልድዩ ወረድ ብላችሁ ዳር ያዙ። ከባድ መኪና በላያችሁ ይነጉዳል፣ አቧራው አለ፣ ደግሞም ድልድይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው በጥሩ ዓይን አይታይም። ግድቡ ጋማ ጭራሽ አትቅረቡ። ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረ የኃይል ማመንጫ ነው፤ ጥበቃ አለው። ባይኖኩላር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ለጥበቃ ምን እንደሚመስል አስቡት። ድሮንማ ቤት ይቅር።

በቾን በመኪና ካሰባችሁ ደግሞ አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። መስከረም ላይ ከላይ ደረቅ መስሎ ከሥር ያልጠጠረ መሬት አለ፤ ገብታችሁ ለመውጣት በሬ ትለምናላችሁ። ከኅዳር በኋላ ሂዱ። ያን ጊዜ ጤፉ ይታጨዳል፣ ሽምብራውና ጓያው መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይቆማል፣ ክሬኖቹም አጨዳው ያለቀበት ማሳ ላይ ይወርዳሉ።

መምህር_በጡረታ

ልጄ ሶስና፣ ሰው የነገረሽ ቦታ አንድ ቀን ይታጠራል። መሬቱን ማንበብ ብትለምጂ ይሻልሻል።

የገጠር ሰው ወንዝ የሚወርደው ከብት ሊያጠጣ፣ ውሃ ሊቀዳ፣ ልብስ ሊያጥብ ወይም ሊሻገር ነው። እነዚህ ባሉበት መንገድ አለ፤ የማንም ማሳ ሳይረገጥ የሚኬድበት መንገድ። ጉግል ኧርዝ ክፈቺና መንደር ፈልጊ። ከመንደሩ ተነስተው ወደ ወንዙ የሚሄዱ ነጣ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ታያለሽ። ብዙዎቹ አንድ ነጥብ ላይ ከተገናኙ የከብት መውረጃ አገኘሽ። እዚያ ጋ ዳገቱ በከብት ኮቴ ተደልድሏል፣ ቁጥቋጦው ሳስቷል፣ ጭቃው ገላጣ ነው። ጭቃ ላይ የሚለቅሙ ወፎች የሚወዱት እንዲህ ያለውን ነው። ከዛፍ የማይወርዱትን ለማየት ግን ወንዙን ይዘሽ ወደ ሾላዎቹ ራቅ በይ።

ሰዓት ምረጪ። ከብት ረፋዱ ላይ ነው የሚወርደው፤ አንቺ ቀድመሽ ተቀመጪ። ከብቱ ሲመጣ ወፉ ሁሉ በርሮ ይጠፋል ብለሽ አትስጊ። አንዳንዱ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ከከብቱ ጋር ይመጣል። ዋግቴል የምትባለውን ቢጫ ደረት፣ ጭራዋን የምትነቀንቀውን፣ ታውቂያት ይሆናል። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽታ የምትመጣ ናት። ላሟ ሣር ስትነጭ ከአፍንጫዋ ሥር ሆና የሚነሳውን ዝንብ ትለቅማለች። ላሟ አንገቷን ባዞረች ቁጥር እሷም ትዞራለች። ባይኖኩላር አያስፈልግሽም፣ ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ እግርሽ ሥር ትመጣለች።

ማሳ መሐል ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ የሚያጮህ ልጅ ካየሽ እሱን ወዳጅ አድርጊው። ግሪሳው በየት በኩል እንደሚመጣ፣ የትኛው ሸምበቆ ውስጥ እንደሚያድር አሳምሮ ያውቃል። ሥራው ወፍ ማባረር ቢሆንም ከማንም አስጎብኚ የተሻለ ያሳይሻል።

ሰላምታ ይቅደም። በበቾም በቆቃም የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። ጠዋት "አካም ቡልተን" ካልሽ በኋላ ባይኖኩላርሽን አውጥተሽ መጀመሪያ ለእነሱ ስጪያቸው፣ ይዩበት። ከዚያ በኋላ ማንም "ምን እየሰለላችሁ ነው?" አይልሽም።

ሶስና_ቀበና

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቀጫጭን መስመሮቹን ነገር አሁኑኑ ከፍቼ እያየሁት ነው። ከተጂ በታች ያሉት ልክ እርስዎ እንዳሉት ናቸው!

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰዎቹ ገንዘብ ቢጠይቁን ምን እናድርግ? ባለፈው አንድ ቦታ ሐይቅ ዳር ሦስት የተለያዩ ሰዎች "የመግቢያ" ብለው ተቀብለውናል። የትኛው እውነተኛ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

መምህር_በጡረታ

ደረሰኝ የሚሰጥሽን ክፈዪ። ደረሰኝ የሌለውን "ቀበሌው ጋ አብረን እንሂድ" በይው፤ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ልጅ አብሮሽ ሄዶ ቦታ ካሳየሽ ግን የድካሙን መስጠት ነውር የለውም። መጀመሪያውኑ ተነጋገሩ። ለየሰዉ እየበተንሽ ብትሄጂ ከአንቺ ኋላ ለሚመጣው ጣጣ ትተሽ ነው የምትሄጂው።

ቢጂ_ሌንስ

ይሄ ሁሉ ድካም ለዋግቴል? 😄 ሰዎች፣ ከአዋሽ ገባሮች አንዱ በርጋ ነው። በሆለታና በአዲስ ዓለም በኩል ነው የሚገባው። እዚያ ረግረጉ ውስጥ ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል የምትባል ወፍ አለች፤ በዓለም ላይ ከመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉት አንዷ። ክረምት ላይ ጫማ አውልቆ ዘው ነው፣ ድምፅዋን በስልክ ማጫወት ነው፣ ብድግ ስትል ማንሳት ነው። እኔ ጥሩ ፎቶ አለኝ።

ሙሉ_ከሆለታ

ቢጂ ሌንስ፣ ይህንን ምክር ብታነሳው ደስ ይለኛል። ያቺ ወፍ እንቁላሏን የምትጥለው መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው። መጠኗ ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም። አንተ "ዘው" ስትል ምን እንደምትረግጥ አታየውም። የምትራባው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ አንተም እንድንገባ የምትመክረን በዚያው ወቅት ነው። የበርጋ ገበሬዎች በክረምት ከብታቸውን ከሣሩ የሚያወጡት በዋዛ አይደለም። ግጦሽ ትተው ነው። እነሱ ከብት ያላስገቡበትን እኛ በቦቲ እንግባበት?

የስልክ ድምፁም እንዲሁ ነው። ወፏ ሌላ ወፍ ግዛቴ ገባ ብላ ከጎጆዋ ትወጣለች። ያን ጊዜ ጫጩቱ ብቻውን ነው።

ሶስና፣ በርጋን በበጋ ከመንገዱ ዳር ሆናችሁ እዩት። ፍላፍቴይሏን አታዩም፣ ግን የደጋዋን ወፍ፣ ዋትልድ አይቢስን፣ ታገኛላችሁ፤ እሷም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለችም።

ቢጂ_ሌንስ

እሺ እሺ፣ አትቆጪ። ስልኩን አላጫውትም። ረግረጉ ግን አጥር የለውም፣ "አትግቡ" የሚል ጽሑፍም አላየሁም።

ሙሉ_ከሆለታ

ጽሑፉ እኔ ነኝ። አሁን አየኸው።

ጨዋታ_አዋቂ

ወፍ ለማየት ይሄ ሁሉ መንገድ? ቄራ ሂዱ፣ አሞራ በነፃ!

የአዳማ_ልጅ

ስቀህ ሞተሃል አንተ፣ ግን ቁም ነገር ተናገርክ። ጥንብ አንሣዎቹ በመላው አፍሪካ እየተመናመኑ ነው። ቄራ አካባቢ የሚያንዣብበው ሁደድ ቫልቸር ራሱ ከመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉት ተርታ ገብቷል። ፈረንጅ ትኬት ቆርጦ የሚመጣለትን አንተ ሱቅ ስትሄድ ነው የምታየው።

ነርስ_ከወንጂ

እኔ ወፍ አላውቅም፣ ግን ይህን ክር ሳነብ አንድ ነገር ልበል አልኩ። ወንጂና መተሐራ አካባቢ በመስኖ ቦዩ ዳር ዳር መሄድ ይመቻል፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ነው፣ ወፍም አይጠፋም። እግራችሁን ግን ውሃው ውስጥ አትንከሩ። ዝግ ብሎ በሚሄድ ውሃ ውስጥ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ አለ። ቦዩን ለመሻገር ድልድይ ፈልጉ። ማታ ቆላ የምታድሩ ከሆነ አጎበር ያዙ። የሸንኮራው ማሳ የፋብሪካ ነው፣ ስለዚህ በር ላይ ያለውን ጥበቃ አስፈቅዳችሁ ግቡ።

ከሃዴራ

ሰላም ከእስራኤል። ሶስና፣ ስለ ክሬኖቹ ሳነብ ገረመኝ። እዚህ ሰሜን ሁላ ሸለቆ የሚባል ቦታ አለ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ክሬኑ በአሥር ሺዎች ይወርዳል። ከፊሉ እዚሁ ይከርማል፣ ከፊሉ አረፍ ብሎ ወደ አፍሪካ፣ ወደ እኛም አገር ይቀጥላል። እዚህ ማየት ማለት ትኬት ቆርጦ ትራክተር የሚጎትተው ጋሪ ላይ መቀመጥ ነው። ወፎቹ ትራክተር ስለለመዱ አይሸሹም። ከጋሪው መውረድ ግን አይቻልም። እናቴን ወስጃት ነበር፤ "እነዚህን እኮ በልጅነቴ ከአዝመራ ላይ ሳባርራቸው ነው የኖርኩት፣ አሁን ደግሞ ላያቸው ልክፈል?" አለችኝ።

በቾ ላይ ብታገኟቸው በጣም አትቅረቧቸው። ትራክተር የለመደ ክሬን በእግሩ የሚመጣ ሰው ገና ከሩቅ ሲያይ ይነሳል።

የፈንታሌ_ጎረቤት

ዘግይቼ ነው ያየሁት። መተሐራ ነው የተወለድኩት፣ ስለ ፓርኩ እኔ ልናገር።

አዋሽ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ነው። ወንዙ የፓርኩ ደቡባዊ ድንበር ስለሆነ ከዋናው በር ገብታችሁ የኢላላ ሳላን ሜዳ ማቋረጥ አለባችሁ። በሜዳው በእግር አትሄዱም፣ መኪና ግድ ነው፣ ስካውትም፣ የፓርኩን ጠባቂ ማለቴ ነው፣ ትይዛላችሁ። ሜዳው ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ካርማይን የምትባለዋ ቀይ ንብ በሊታ ወፍ እዚያ ናት። ኮሪ ባስታርድ የሚባለው ትልቅ ወፍ ሣሩ ውስጥ ሲራመድ ጀርባው ላይ ትቀመጥና ከእግሩ ሥር የሚነሳውን ፌንጣ እየበረረች ትቀልባለች። ከዚያ ተመልሳ ጀርባው ላይ። እሱ ግድ የለውም።

ፏፏቴው ጋ ስትደርሱ ሁሉም ሰው የሚቆመው ፊት ለፊት፣ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ነው። ለወፍ አይሆንም፤ ጩኸቱ የወፉን ድምፅ ይውጠዋል። ውሃው ካረፈ በኋላ ያለውን ክፍል ፈልጉ። ከፏፏቴው በታች ወንዙ ዝግ ይላል፣ ዳርና ዳር ዛፍ አለው። ስካውቱ የሚያስወርድበትን ያውቃል፣ ያለ እሱ አትውረዱ። አዞ አለ። ከውሃው አፍ ራቅ ብላችሁ፣ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ፓይድ ኪንግፊሸር፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ፣ ውሃው ላይ አየር ውስጥ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ጭንቅላቷ አይነቃነቅም፣ ክንፏ ብቻ ነው የሚርገበገበው፤ ከዚያ ድንጋይ ሆና ትወርዳለች። ከሦስቱ ሁለቱን ትስታለች፣ እኔ ነኝ የምላችሁ።

መኪና መግባት ካልቻላችሁ ወይም እግር ካልፈቀደ ሎጆቹ በረንዳ አላቸው። አንድ ቡና አዝዞ ወንዙን ቁልቁል ማየት ነው። አንዱ ቤት ለበረንዳው ብቻ አስከፍሎኝ ያውቃል፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። ጠረጴዛ ላይ ምግብ ትታችሁ ዞር አትበሉ። አኑቢስ የሚባለው ዝንጀሮና ባለ ነጭ ጎፈሩ የቆላ ዝንጀሮ የሚዳቀሉት እዚህ ነው፤ ለተመራማሪ ብርቅ ናቸው፣ ለሳንድዊች ግን ያው ናቸው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የገደሉ አፋፍ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከመድረሳችሁ በፊት ወንዙ ጥልቅ ገደል ውስጥ ይገባል። ሌላ ቦታ ንስር ለማየት አንገት ይቀነጠሳል። እዚህ ከእግራችሁ በታች ነው የሚበረው። ጀርባውን፣ የክንፉን ላባ አንድ በአንድ ታያላችሁ። ከቀኑ አራት ሰዓት ገደማ፣ ድንጋዩ ሲሞቅና አየሩ ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር ነው የሚወጡት። ስለዚህ በጠዋት ፏፏቴ፣ ቀጥሎ ገደል።

የመሬት መንቀጥቀጡን የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። በ2017 መስከረም ጀምሮ ለወራት አናውጦናል፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ብዙ ሰው ከቤቱ ተነስቷል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ፓርኩ ጋ ደውላችሁ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ጠይቁ። መንገዱን ደኅና ነው ብዬ ከዚህ ሆኜ አልምልላችሁም።

ሹፌር_ነኝ

የፈንታሌ ጎረቤት፣ በሰቃን ረሳኸው እንዴ! ሐይቁ እየሰፋ መጥቶ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል። ወንዝ አይደለም፣ ግን ወደ ፓርኩ ስትሄዱ ታልፉታላችሁ። መኪና ዳር የሚይዝበት ቦታ ጠባብ ነው፣ የጅቡቲ ተሳቢ አያዝንም። ከተማው ጫፍ ላይ አቁማችሁ በእግር ተመለሱ።

ሶስና_ቀበና

አንድ ሙሉ ማስታወሻ ደብተር ሞላሁ። መጀመሪያ ቆቃ እንሄዳለን፣ በቾን ከኅዳር በኋላ፣ ፓርኩን መኪናው ሲገኝ። መልካ ቁንጥሬን ግን ማንም አላነሳውም፣ ለምን?

መምህር_በጡረታ

ስለረሳነው እንጂ ለአንቺ የሚመቸው እሱ ነው። በአለም ገና አድርጎ በቡታጅራ መንገድ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሕዝብ ትራንስፖርት አለ፣ መንገዱ ራሱ ወንዙን ይሻገራል። የቅድመ ታሪክ መካነ ቅርሱ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሙዚየሙ ጎጆ ጎጆዎች ናቸው፣ ትኬት አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ደረሰኝም አለ። ሁለት ሴቶች ብቻችሁን ተቀምጣችሁ ብትውሉ ማንም አይነካችሁም። የወፉ ብዛት ከቆቃ አይደርስም። ግን ግቢው ዛፍ አለው፣ ወንዙ ቅርብ ነው፣ ሀመርኮፕ የምትባለዋን ራሰ መዶሻ ወፍ እዚያ ደጋግሜ አይቻታለሁ።

ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው። ጥር ላይ የውሃ ወፎች ቆጠራ አለ፤ ቆጣሪ ሆናችሁ ብትገቡ የማይከፈት በር ይከፈትላችኋል።

ሶስና_ቀበና

እንግዲያው ይህ ቅዳሜ ቆቃ፣ የሚቀጥለው መልካ ቁንጥሬ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ካለ ቃሊቲ መናኸሪያ በር ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንገናኝ። ቢጂ ሌንስ፣ አንተም ና፣ ስልክህን ግን ድምፁን አጥፍተህ።

ቢጂ_ሌንስ

እመጣለሁ። ትልቁን ሌንስ ላምጣ ወይስ ጥበቃ ያስደነግጣል?

ሹፌር_ነኝ

አምጣ፣ ግን ድልድዩን እስክታልፉ ከቦርሳ አታውጣው። ለመመለስ ደግሞ ከ10 ሰዓት በፊት መንገድ ዳር ሁኑ። ከመቂ የሚመጣው ሚኒባስ ሞልቶ ነው የሚያልፈው።

የአዳማ_ልጅ

እኔ ሞጆ ላይ እቀላቀላችኋለሁ። ዓሣውን የሚከፍለው ቢጂ ሌንስ ነው።